የሐሙሱ ጀልባና የእኔ ሰሌዳ

ሰኞ፣ ወር በገባ በ3

ይህን ደብተር የገዛሁት የጉዞ ዕቅድ ልጽፍበት ነው። ሌላ ነገር ልጽፍበት አላሰብኩም።

ዛሬ ከምሳ በፊት ቢሮ ስልክ ተደወለልኝ። ካፒቴኑ ነው። ካፒቴን የሚሉት ለቀልድ ነው፤ ያለችው አንዲት ሃያ ሰው የምትጭን አሮጌ ጀልባ ናት። ወንዙ ባሕር ሳይገባ እንደ ዛፍ ሥር በሚበተንባቸው ቦዮች ውስጥ፣ በየሐሙሱ እየዞረች ሰውና ዕቃ ታደርሳለች። እኔም በዐሥራ አምስት ዓመቴ ለትምህርት ከአገሬ የወጣሁት በእሷው ነው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው» አለኝ። «የእናንተ ቦይ በደለል ሊደፈን ነው። ዘንድሮ ሁለቴ ጭቃው ሞተሬን ያዘብኝ። ክረምቱ ከገባ በዚያ በኩል አላልፍም። የመጨረሻዬ በሚቀጥለው ወር፣ ሐሙስ በ18 ነው።»

«እማዬስ?» አልኩት።

«አለች። ጨርቋን አሁንም ትሰቅላለች።»

በእኛ አገር ጀልባ ዝም ብሎ አይቆምም። የሚሳፈር ወይም እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ማረፊያው ምሰሶ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላል፤ ጀልባው እሱን አይቶ ይጠጋል።

«በየሐሙሱ?»

«በየሐሙሱ። እጠጋለሁ፤ የሚወርድ የለም፣ የሚሳፈር የለም። ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታይና ‹በል እንግዲህ በሰላም ግባ› ትለኛለች። ዐሥራ አንድ ዓመት ነዳጄን ጨረሰችው እኮ!» ብሎ ሳቀ።

እሄዳለሁ። ከ18 በፊት እሄዳለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ለምን እንዳልሄድኩ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ሆድ ይፍጀው።

ረቡዕ፣ በ5

የምሳ ሰዓት። ቢሮው ባዶ ነው።

የአውቶቡስ ድርጅቱ የጉዞ ሰሌዳ ክፍል ውስጥ ስሠራ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። መቶ አርባ አውቶቡስ በየትኛው ደቂቃ ተነሥቶ በየትኛው እንደሚደርስ የምጽፈው እኔ ነኝ። ታዲያ የራሴን አንድ ጉዞ ማውጣት ምን ያቅተኛል?

መነሻ፦ ቤት። አረንጓዴ የብረት በር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ ሦስተኛው። በቀኝ እስከ ልብስ ሰፊው፣ ከዚያ ቀጥታ እስከ አውቶቡስ ጣቢያ፣ በእግር ዐሥራ ስምንት ደቂቃ።
ማክሰኞ፦ አውቶቡስ እስከ ወንዙ ከተማ፣ ስድስት ሰዓት መንገድ። ማደር።
ረቡዕ፦ ትልቁ ጀልባ፣ ወንዙ እስከሚከፈልበት። በግራ በኩል መቀመጥ፣ በቀኝ ፀሐይ አለ። ማደር።
ሐሙስ፦ የካፒቴኑ ጀልባ። አራተኛው ማረፊያ።

አለቃዬ፣ እሱ በሌለበት «ደቂቃው» የምንለው፣ ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ አላየሁትም።

«ከቤትሽ እስከ ጣቢያ ያለውን መንገድ ለማን ነው የምትጽፊው? የራስሽ በር ይጠፋሻል?»

«ሰሌዳ ከመነሻው ካልጀመረ ሰሌዳ አይባልም» አልኩት። ይህን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎኝ ሄደ።

ደስ ብሎኛል። ዕቅድ ስጽፍ የሄድኩ ያህል ይቀለኛል።

ቅዳሜ፣ በ8

አማቴ እንደ ቅዳሜያቸው ለምሳ መጡ። ጉልበታቸውን፣ የጎረቤታቸውን ውሻ፣ የዘመኑን ሠራተኛ ተራ በተራ አነሡ። ወጥ ስጨምርላቸው፣

«ያቺ በሠርግሽ ሰሞን የነበረችው ሠራተኛሽ፣ ከገጠር የመጣችው፣ እንዴት ያለች ጨዋ ነበረች!» አሉ። «እጇ አያርፍም፣ ቃል አይወጣት። እንደሷ ያለች ዛሬ በመብራት ተፈልጋ አትገኝም። የት ገባች?»

«አላውቅም፣ እማማ» አልኩ። «አገሯ ገብታ ይሆናል።»

ባለቤቴ ከሳህኑ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጨው ጠየቀ። ጨውማ አጠገቡ ነበር።

አላውቅም አልኩ። ምን ቆርጦኝ ነው? ማንም አላስገደደኝም።

ማክሰኞ፣ በ11

ሰሌዳዬን በስልክ ለካፒቴኑ አነበብኩለት። «ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ የእርስዎ ጀልባ» ስለው ሳቁ ጆሮዬን አደነቆረው።

«ሦስት ሰዓት ከሃያ! ለውሃው ነግረሽዋል?»

እዚያ አገር ማንም በሰዓት አይነሣም። ባሕሩ ውሃውን ወደ ቦዮቹ ሲገፋው ይሞላል፣ መልሶ ሲስበው ይጎድላል፤ ሲጎድል ጀልባ እንደ በሬ ጭቃ ላይ ይተኛል። ይህን ሳልራመድ በፊት ነው ያወቅኩት። እማዬ ውሃውን የምትለካው ከቤታችን ደረጃ ነበር፤ ሦስተኛው ሲረጥብ «ተነሥተሽ ቅዘፊ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ዛሬ ለባሕር ደቂቃ ሰጠሁት።

«ከተማው በላሽ አይደል?» አለኝ፣ ያለ ክፋት። «ጻፊ። ውሃው በየቀኑ ከትናንቱ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል።» የሚቀጥለውን ወር ከ4 እስከ 18 ያለውን የየቀኑን ሙላት አስጻፈኝ፤ ለሐሙስ በ11ና ለሐሙስ በ18 ሁለት ሁለት መሥመር አሰመርኩባቸው። ፊቴ እሳት እንደተጠጋ ሰው ይለበልበኝ ነበር። ደግነቱ ስልክ አያሳይም።

አዲስ ሰሌዳ፣ ሁለተኛ እትም።

ዓርብ፣ በ14

ፈቃድ ጠየቅኩ። ከሚቀጥለው ወር ማክሰኞ በ9 ጀምሮ ሁለት ሳምንት። ደቂቃው፦ «ምክንያት?» እኔ፦ «የቤተሰብ ጉዳይ።» «ማን?» «አክስቴ።» ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። «አክስት አለችሽ እንዴ?»

ዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠናል።

ለባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ጉዞ ነው አልኩት። ስብሰባ። ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደሚቀናው! የለመደ መንገድ ነው።

ቅዳሜ፣ በ22

ባለቤቴ እናቱን ሊሸኝ ወጥቷል። ገና አመሻሽ ነው። አማቴ ዛሬም ያቺን «ጨዋ ሠራተኛ» አነሡ። ሦስት ሳምንት ያህል ይህ ደብተር የተጻፈው ከዚያ ቀን ለመሸሽ ነው። እንግዲህ ልጻፈው።

እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች። ያሳደገችኝ እህቷ ናት። እማዬ ያልኩት እሷን ነው፤ ሌላ እማዬ አላውቅም። ዓሣ እያደረቀች ትሸጣለች፤ እኔን ያስተማረችኝ በዚያው ነው። ልጅ ሳለሁ፣ ጭጋግ በሚወርድበት ጠዋት ከማዶው ትምህርት ቤት ማደሪያ በታንኳ ስመለስ የራሴ እጅ እንኳ አይታየኝም። ያኔ «እማዬ!» እላለሁ። ከቤት «ወዬ!» ትላለች። እንደገና እጣራለሁ፣ እንደገና «ወዬ!» ትላለች፤ ታንኳዬ የማረፊያውን እንጨት እስኪነካ ድረስ። ቤቴን ያገኘሁት በድምፅዋ ነው።

ከተማ ስገባ ‹ያሳደጉኝ መምህራን የሆኑ ዘመዶቼ ናቸው› ማለት ጀመርኩ። አንዴ ለአንዲት የማደሪያ ጓደኛዬ አልኩ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ፣ ወደ ታች ተንከባለለ። ለባለቤቴም ይኸንኑ ነገርኩት። ለእናቱም ይኸንኑ ነገራቸው።

እማዬን ለሠርጉ ጠርቻት ነበር። ምን እንደምላቸው ደግሞ አስቤበታለሁ፦ የሩቅ አክስቴ ናት እላለሁ። እሱ ራሱ አሳፋሪ ነው፤ ግን ቢያንስ አክስት ነበረች። ውሃው ቀድሞ ሞላና እሷ ከታሰበው ሁለት ቀን ቀድማ መጣች። አማቴ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራይቼው በነበረው ቤት ተቀምጠዋል፣ ከሁለት እህቶቻቸው ጋር። በሩ ተከፈተና እማዬ ገባች። የቀሚሷ ጫፍ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። በእጇ የደረቀ ዓሣ ቅርጫት። ቤቱ በአንዴ ዓሣ ዓሣ ሸተተ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ አማቴ።

«ሥራ የምታግዘኝ ናት» አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። ትንሽ ጊዜ ቢሰጡኝ ኖሮ ሌላ እል ነበር እያልኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ራሴን አባብያለሁ። ግን ጊዜማ ነበረኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ነበረኝ።

እማዬ አየችኝ። እንደ ተሰደበ ሰው አይደለም ያየችኝ፤ የማያውቀውን አገር ቋንቋ እንደሚሰማ ሰው ነው። ከዚያ ገባት። ነጠላዋን አውልቃ ወገቧን ታጠቀችበት፣ ሲኒዎቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች። እኔ ደግሞ አማቴ ውሃ ሲሉ በስሟ ጠራኋት። በስሟ ጠርቻት አላውቅም ነበር። «ውሃ አምጪ» አልኳት።

«አቤት» አለችኝ። ትሪ ይዛ መጥታ፣ ጎንበስ ብላ አቀረበች።

ለሠርጉ ከምግብ ሠሪዎቹ ጋር ቆማ ዋለች። በማግስቱ ጣቢያ ድረስ ሸኘኋት፤ ያውም ማንም የማያየን በጠዋት። አውቶቡሱ ላይ ሆና «ሁሉ ነገር አምሮልሻል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም። በስልክ የደወልኩላት በካፒቴኑ በኩል፣ በዓመት አንዴ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም። ብታነሣው ይሻለኝ ነበር። ሲሰድቡት መልስ ይሰጣል፤ ይህን ግን በምን እመልሰዋለሁ?

በሩ ተከፈተ። ባለቤቴ ነው።

ሰኞ፣ በ24

ሰሌዳው ተጠናቀቀ፣ አራተኛ እትም። ሁለት ሙላት ታሳቢ ተደርጓል፣ ዝናብ ቢዘገይ፣ ዝናብ ቢቀድም። ካፒቴኑ፦ «በደንብ ጽፈሽ በአውቶቡስ ሹፌር ላኪልኝ፣ ለእናትሽ ላነብላት።» እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። በትልልቅ ፊደል ገለበጥኩት፤ ከአረንጓዴው በር ጀምሮ እስከ አራተኛው ማረፊያ። ከላይ «ሐሙስ በ11 እደርሳለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ሹፌሩ ፖስታውን ሲቀበለኝ «አደራ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ሐሙስ፣ በ27

ምን ይዤ ልሂድ? ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ነጠላ አየሁ፣ ተውኩት፤ ያን ቀን የታጠቀችውን አስታወሰኝ። የዐይን መነጽር አየሁ፣ ለስንት ቁጥር? አላውቅም። የእናቴን ዐይን አላውቅም። የጫማ ቁጥሯን አላውቅም። የሠላሳ ሰባት መሥመር አውቶቡሶችን የታርጋ ቁጥር ግን በቃሌ እወጣዋለሁ።

ምንም አልገዛሁም።

ሰኞ፣ አዲሱ ወር፣ በ8

ነገ ነው። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ማታ ልተኛ ስል ከሻንጣው አጠገብ አንድ ጥንድ አዲስ የጎማ ቦት ጫማ አገኘሁ። በቁጥሬ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ባለቤቴን።

«ጭቃ ይኖራል ብዬ ነው» አለና ጋዜጣውን ገለጠ።

ስብሰባ ነው ብዬው አልነበር? የት አገር ስብሰባ ነው ጭቃ ያለው? ወንዶች አንዳንዴ ዝም ብለው ነው የሚገዙት።

ማክሰኞ፣ በ9

አልሄድኩም።

ጣቢያ ድረስ ሄጃለሁ። ዐሥራ ስምንት ደቂቃ፣ ልክ እንደጻፍኩት። ትኬቴን ይዤ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ረዳቱ ሁለቴ ጠራ። አልተነሣሁም። ስትቀበለኝ ፊቷ ምን እንደሚመስል አሰብኩ፤ ቂም ያለው አይመስለኝም፣ ደስ ያለው ይመስለኛል፤ ያንን ደስታ ማየት አቃተኝ። አውቶቡሱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣ፣ አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ። ሰሌዳውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ለባለቤቴ ስብሰባው ተሰረዘ አልኩት። ቦት ጫማውን ራሱ አንሥቶ ከበሩ ጀርባ አስቀመጠው። «ሌላ ጊዜ ይኖራል» አለ።

ዓርብ፣ በ12

ካፒቴኑ ደወለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ትናንት ማረፊያውን አዲስ ሳንቃ አስመትታበት ጠበቀችሽ። ጫማሽ እንዳይበላሽ ብላ ነው። ሦስት ሰው ወረደ፣ ሦስቱንም ፊታቸውን አየች። ‹የለችም› አልኳት። ‹ውሃው አልተመቻት ይሆናል› አለችኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ያንን ወረቀትሽን ደግሞ አንብብልኝ እያለች ልታሳብደኝ ነው። አምስቴ አንብቤላታለሁ። የቤትሽን በር ቀለም ብቻ ሦስቴ አስደገመችኝ። ‹አረንጓዴ ነው አልክ?› ትላለች። በሩ ምን ያደርግላታል? አርጅታለች መሰለኝ። የፊታችን ሐሙስ የመጨረሻዬ ነው፣ ልጄ። ከዚያ ወዲያ እሷ ጋ መድረስ የሚችል ወፍ ብቻ ነው።»

በ16 እነሣለሁ አልኩት። ማልኩለት።

ቅዳሜ፣ በ13

አማቴ መጡ። ስለ ጉልበታቸው። እኔ ምግቡ ላይ ጨው ደገምኩ። አማቴ «ሐሳብሽ የት ነው?» አሉኝ። «ሥራ በዝቶባት ነው» አለ ባለቤቴ በእኔ ፈንታ።

እነግራቸዋለሁ። ከመሄዴ በፊት እነግራቸዋለሁ። ከተመለስኩ በኋላ።

ማክሰኞ፣ በ16

ትናንት የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ፤ የደቡቡ መንገድ በጎርፍ ተቆረጠ፤ ሃያ ሁለት መሥመር በአንዴ ተዛባ፤ እኔም ሳልጠራ ቢሮ ሄድኩ። ደቂቃው ሁላችንንም ሰብስቦ «ሰሌዳውን ለማስተካከል ማን ነው የሚቀረው?» አለ። ፈቃድ ላይ መሆኔን ያውቃል፤ እኔን አላየም እንኳ። እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከሁሉ ቀድሜ።

«አክስትሽስ?» አለኝ።

«ትጠብቃለች» አልኩት።

ወደ ወንዙ ከተማ የሚሄደው መሥመር አልተቆረጠም። ይህንንም ልጻፈው።

ሐሙስ፣ በ18

ዛሬ ውሃው የሞላው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ያን ሰዓት ቢሮ ሆኜ ሻይ እጠጣ ነበር።

አለቀ። ዐይኔን በጨው አጥቤ የምቀርብበት መንገድ እንኳ አልቀረም። ካፒቴኑ አልደወለም። ምን ሊለኝ?

እሑድ፣ በ21

ጎሕ ሳይቀድ ነው የምጽፈው። ምንም ሳልቀንስ እንደሆነው እጽፋለሁ፤ ነገ ሌላ ቀለም እንዳልቀባው።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ምሳ በልተን ጨርሰናል። በሩ ተንኳኳ። አማቴ ለበሩ ቅርብ ስለነበሩ «እኔው አለሁ» ብለው ከፈቱ። መጀመሪያ የሰማሁት የማዕዘኑን ልብስ ሰፊ ድምፅ ነው።

«እንደምን ዋላችሁ? እኚህ እናት የእናንተ ናቸው?» አለ። «ሱቄ ደጃፍ ደክሟቸው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ይሄን ወረቀት ይዘዋል። ከታች ጀምረህ ወደ ላይ አንብብልኝ አሉኝ፤ ብጀምር አረንጓዴ በር ላይ ጨረስኩ። ከጣቢያ እዚህ ዐሥራ ስምንት ደቂቃ ነው ይላል፤ እሳቸው አንድ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ወረቀቱ ተሳስቷል ብላቸው ‹ወረቀቱ አልተሳሳተም፣ እግሬ ነው የተሳሳተው› ይሉኛል።» ሳቀና ወረቀቱን በአማቴ ትከሻ አሳልፎ ሰጠኝ፤ ሥራ ትቶ ስለመጣ ሄደ።

የእኔ ሰሌዳ ነው። አራተኛ እትም። ከአራተኛው ማረፊያ እስከ አረንጓዴው በር፣ በየመሥመሩ ጫፍ የማላውቀው ሰው ጣት ያረፈበት እድፍ አለ። የጀልባ ዘይት፣ ጭቃ፣ አንዱ ላይ ቀይ አፈር። መንገዱን ሁሉ እንግዳ ሰው እያስነበበች፣ ከመድረሻዬ ወደ መነሻዬ መጥታለች። በመጨረሻው ጀልባ ነው የወጣችው።

«ውይ! ያቺ ሠራተኛሽ!» አሉ አማቴ እጃቸውን አጨብጭበው። «ማን እንደመጣ አያችሁ? እኔ ሳነሣት ከርሜ!»

እማዬ ደፉ ላይ ቆማለች። አንሳለች። ጸጉሯ ሁሉ ነጭ ነው። ጫማዋን በእጇ ይዛለች፣ እንዳታቆሽሽብኝ። የቀሚሷ ጫፍ ጭቃ ነው። ትከሻዋ ላይ አራት ጊዜ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አለ፤ ከምሰሶው ፈትታው መጥታለች። ዐይኖቿ ክፍሉን ዞሩት፦ አማቴን፣ ገበታውን፣ ባለቤቴን፣ እኔን። እኔ ላይ ቆዩ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አውቃለሁ። ያን ቀን ያየችውን ነው።

ጎንበስ አለች። «እንደምን ከርመዋል እመቤቴ? ለገበያ ወደዚህ ብቅ ስል፣ ትንሽ ዓሣ ላድርስላቸው ብዬ ነው። አልቀመጥም። ዛሬውኑ እመለሳለሁ።»

እመለሳለሁ አለች። በምን? ጀልባ የለም። የመጨረሻው ሐሙስ አልፏል፣ ቦዩ ተደፍኗል፣ እሷ ቤቷን ዘግታ ወጥታለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። መመለሻ ሳይኖራት፣ ለእኔ ብላ እመለሳለሁ አለች።

ቅርጫቱን ጥግ አስቀመጠች። ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ገበታው ላይ የተበላበትን ሳህን አየች፤ የቀሚሷን ጫፍ ሸጎጥ አድርጋ ሳህኖቹን ትሪው ላይ ትሰበስብ ጀመር። የሰጠኋትን ቦታ ዐሥራ አንድ ዓመት አልረሳችውም።

«ጨዋነቷን እዩልኝ!» አሉ አማቴ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠው፣ ለልጃቸው። እሱ ግን እኔን ነው የሚያየው።

አሁን የምጽፈው ከሁሉ የሚከብደኝን ነው። ዝም ልል ነበር። ሳህኑን ትጠብ፣ አማቴ ይሂዱ፣ ከዚያ እግሯ ላይ እወድቃለሁ ብዬ አሰብኩ። በዚያች ቅጽበት እንኳ ሰሌዳ አወጣሁ፦ መጀመሪያ ይሄ፣ ቀጥሎ ያ። እሷ ትሪውን አንሥታ ወደ ማድ ቤቱ መራመድ ጀመረች። በባዶ እግሯ ነው። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። ጨርቁ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ ነው፤ እጇ ስለተያዘ ማቃናት አልቻለችም።

«እማዬ» አልኩ።

በሹክሹክታ ነው ያልኩት። ግን ሰምታለች። የመቅዘፊያ ድምፅ ከወዲያ ማዶ የምትለይ ሴት ናት፤ ሰምታለች። አልቆመችም። የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ እንድችል ነው ያልቆመችው።

«እማዬ!» አልኩ እንደገና፣ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው፣ በሙሉ ድምፄ። ጎረቤት የሰማኝ ይመስለኛል።

አማቴ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሷን አዩ፤ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ያንን የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ባለቤቴ ቀድሞ ቆሟል፤ የራሱን ወንበር ወደ ኋላ ስቦላታል።

እማዬ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ናት። ትሪው ላይ ያሉት ሳህኖች እርስ በርሳቸው ይንቀጫቀጫሉ።

«ወዬ» አለችኝ።